ድሃው ብዙ፣ ድምፁም ብዙ፤ ታዲያ ሀብቱ ለምን አይከፋፈልም?

ጥያቄ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ነገሩ ስለሚከነክነኝ ነው።

በታዳጊ አገሮች ድሃው ይበዛል። ምርጫ ባለበት አገር ደግሞ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። የባለፎቁም የጎዳና ቸርቻሪውም ድምፅ እኩል ይቆጠራል። ታዲያ ብዙሃኑ ተሰባስቦ "ካለው ላይ ግብር ሰብስቡ፣ ለሌለው አድርሱ" የሚል ፓርቲ መርጦ ለምን አይገላገልም? ይህን የጠየቅኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1981 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ሜልትዘርና ሪቻርድ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በሂሳብ ቀምረውታል። የመሃለኛው መራጭ (መራጩ ሁሉ በገቢው ቢሰለፍ መሃል ላይ የሚቆመው) ገቢ ከአገሩ አማካይ ገቢ እየራቀ ወደ ታች በወረደ ቁጥር፣ መራጩ የበለጠ ይከፋፈል ይላል ነው ሐሳቡ።

መሬት ላይ ያለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የስካንዲኔቪያ አገሮች ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ ብዙ ያከፋፍላሉ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል የሆነባቸው አገሮች ደግሞ አብዛኞቹ የሚያከፋፍሉት ትንሽ ነው። "ድሃው ስላልተማረ ነው" የሚል መልስ አልፈልግም፣ የሰነፍ መልስ ነው። ሌላ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ባለሚዛን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ከሥሩ ላንሳው። ማከፋፈልማ በየቀኑ አለ። ወደ ላይ ነው እንጂ የሚከፋፈለው!

የነዳጅ ድጎማን ውሰድ። በድሃው ስም ነው የሚወጣው። ግን ድጎማው የሚከፈለው በሊትር ነው፣ ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይወስዳል። ሁለት መኪና ያቆመ ቤተሰብና በእግሩ ሥራ የሚሄድ ቤተሰብ እኩል ተደጎሙ ልትለኝ አትችልም። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በታዳጊ አገሮች ላይ ያስጠናው ጥናት፣ ከላይ ያለው 20 በመቶ ሕዝብ ከታች ካለው 20 በመቶ በአማካይ ስድስት እጥፍ ያህል ድጎማ እንደሚያገኝ አሳይቷል። አውቶቡስ ታሪፉና የሸቀጥ ማጓጓዣው በርካሽ ነዳጅ ስለሚቀንስ ድሃውም ጋ የምትደርስ ነገር አለች፣ አልክድም። ግን ፍርፋሪ ናት።

ብራዚልን ደግሞ እይ። ቦልሳ ፋሚሊያ በ2003 ተጀመረ፤ ልጆች ትምህርት ቤት እስከሄዱና እስከተከተቡ ድረስ ለድሃ ቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ወደ 14 ሚሊዮን ቤተሰብ በደረሰበት ጊዜ እንኳን ወጪው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግማሽ በመቶ አካባቢ ነበር። ለጡረታ የሚወጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ጠቀም ያለው ድርሻ ደህና ደመወዝ ለነበራቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነው የሚሄደው። ባለአክሲዮኖች የሚከፋፈሉት ትርፍም ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ነበር። ታዲያ በየጋዜጣው "ሰነፍ አደረጋቸው" ተብሎ የተጮኸው በየትኛው ላይ ይመስልሃል? በግማሽ በመቶዋ!

ሥራ ይቅደም

እኔ በዚህ ዓይነት ወሬ ሁሌ የሚገርመኝ፣ የሚከፋፈለው ነገር ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ ይመረት። ድህነትን ብናከፋፍል ድህነት ነው የሚደርሰን። ደቡብ ኮሪያ ሠርታ ነው የበለፀገችው፣ ገንዘብ በማደል አይደለም። ፋብሪካ ክፈት፣ ሥራ ፍጠር፣ ልዩነቱ በራሱ ጊዜ ይጠባል። ሀብታሙን በግብር ስታዋክበው ገንዘቡን ይዞ ውጭ ይወጣል፣ ያኔ ግብርም የለ ሥራም የለ።

የመሬት ነገር

@ሥራ ይቅደም፣ ኮሪያን መጥራትህ ጥሩ ነው፣ ግን ታሪኩን ከመሃሉ ነው የጀመርከው።

ደቡብ ኮሪያ ፋብሪካ ከመክፈቷ በፊት መሬት አከፋፍላለች። ሕጉ በ1949 ወጣ፣ በ1950 ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ቤተሰብ ከሦስት ሄክታር በላይ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ተደረገ። ታይዋንም እንዲሁ። በ1949 የመሬት ኪራይ ከምርቱ 37.5 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነች፣ በ1953 ደግሞ መሬቱን ራሱን ለአራሹ አስተላለፈች። ለባለመሬቱ ካሳ የተከፈለው 70 በመቶው በሩዝና በስኳር ድንች በሚታሰብ ቦንድ፣ 30 በመቶው ደግሞ በመንግሥት ኩባንያዎች አክሲዮን ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ሲመጣ ያገኘው ልጁን ማስተማር የሚችል፣ እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ያለው ገበሬ ነው። "እኩልነት በራሱ ጊዜ ይመጣል" ለሚለው ኮሪያ ምስክር አትሆንህም።

የፖለቲካው ቁም ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። ያ ነገር እንዴት ተቻለ? ታይዋን ላይ የመጣው መንግሥት ከዋናው ቻይና የተሰደደ ነው። ከአካባቢው ባለመሬት ጋር ዝምድናም ውለታም አልነበረውም፣ ዋናው ቻይና ላይ ደግሞ የገበሬ አመፅ ምን እንዳደረገው በዓይኑ አይቷል። ኮሪያ ላይ ጃፓኖች ለቀው ሄደዋል፤ ሰሜኑ መሬቱን አስቀድሞ አከፋፍሎ ጨርሷል፣ ደቡቡ ዝም ቢል ገበሬው ወደዚያ ሊያዘነብል ነው። ማለትም ባለመሬቱ በአንድ ወቅት ጉልበት አጣ፣ መንግሥት ደግሞ ፈራ። እነዚህ ሁለቱ ባንድ ላይ የሚገጥሙት ስንቴ ነው? የኢትዮጵያው የ1975 የገጠር መሬት አዋጅም ቢሆን በፓርላማ ክርክር የመጣ አይደለም፣ ዘውዱ ወርዶ ወታደር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

በመደበኛው ጊዜማ ሌላ ነው። ሕንድ ከነፃነት በኋላ የመሬት ይዞታን የሚገድበውን የጣሪያ ሕግ ለክልሎች ተወችው፤ በየክልሉ ምክር ቤት የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ወይም የባለመሬት ዘመዶች ነበሩ። ሕጉ ወጣ። ባለመሬቱም መሬቱን በወንድም፣ በልጅ፣ በአጎት ስም ከፋፍሎ ጣሪያው ሥር ገባ። ለምን አይስቅ?

ሥራ ይቅደም

እሺ፣ መሬቱን ተቀበልኩህ። ግን ዚምባብዌስ? ከ2000 ጀምሮ መሬት ቀምተው አከፋፈሉ፣ ከዚያ ምርቱ ወደቀ፣ ገንዘቡ ወረቀት ሆነ። እሱንም ጨምርበት እንጂ መርጠህ አታውራ።

የመሬት ነገር

እጨምራለሁ። ዚምባብዌ ላይ መሬቱ ሲተላለፍ ብድር፣ ዘርና የባለቤትነት ዋስትና አብሮ አልሄደም። ደህና ደህናው እርሻ ለሥልጣን ቅርብ የሆነ ሰው እጅ ገባ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ገንዘብ አታሚው ማሽን ሌት ተቀን ሠራ።

ሌላም ልጨምርልህ፣ የሕንዷን ክልል የምዕራብ ቤንጋልን። በ1978 ግራ ዘመሙ የክልሉ መንግሥት ኦፕሬሽን ባርጋ የሚባል ነገር ጀመረ። መሬት አልቀማም። ያደረገው የእኩል አራሹን ስም መመዝገብ ብቻ ነው። ተመዘገብክ ማለት ባለመሬቱ እንዳሻው አያባርርህም፣ ድርሻህም በሕግ የታወቀ ነው። ቀድሞም ሕጉ ነበር፣ ግን መዝጋቢው ወደ መንደሩ ሲመጣ የሚያርፈው ባለመሬቱ ቤት ነው! እዚያ ደጃፍ ቆሞ "እኔ የእሱ እኩል አራሽ ነኝ" የሚል ማን ደፋር አለ? አዲሱ አሠራር መዝጋቢዎቹን ማታ ማታ፣ ገበሬው ከሥራ ሲመለስ፣ እሱ ባለበት ሰፈር እንዲሰበስቡ አደረገ። ስሙን በጎረቤቶቹ ፊት ተናገረ፣ ተጻፈለት። ከአንድ ሚሊዮን በላይ እኩል አራሽ በዚህ መንገድ ተመዘገበ። ሕጉ በአብዛኛው ያው ነው። የስብሰባው ቦታና ሰዓት ነው የተቀየረው።

ቆጣሪዋ

የመጨረሻዋ አንቀጽ በጣም ደስ አለችኝ። እኔ የቤት ለቤት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ "ድሃው ተለይቶ ይደጎም" ሲባል ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

በእነዚህ አገሮች መንግሥት የሰውን ገቢ አያውቅም። ደመወዝተኛው ጥቂት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ዘገባ በአፍሪካ ከሚሠራው ሰው 85 በመቶው መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ነው። የደመወዝ ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ። ስለዚህ ገቢን መጠየቅ ትተን በምልክት እንገምታለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር? ወለሉ አፈር ነው? ቴሌቪዥን አለ? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለ። ነጥቡ ይደመርና ከመስመሩ በታች ከሆንሽ ትገቢያለሽ፣ በላይ ከሆንሽ ደህና ዋይ።

እስቲ አስቡት። ባሏ ባለፈው ወር ሥራ ያጣባት ሴት ቤቷ ያው ቤት ነው፣ ቆርቆሮው አልተነቀለም። ነጥቧ "ደህና ነሽ" ይላታል። ጎረቤቷ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላት ናት፣ ግን ወለሏን ሲሚንቶ አላስደረገችም። እሷ ትገባለች። የቀረችዋ ለምን እንደቀረች የሚያስረዳት የለም። እኔም አላውቅም፣ ቀመሩ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው። ከዚያ መንደሩ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "ዘመድ ያለው ገባ።" ብዙ ጊዜ ዘመድ የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ሌላ ምን ይበል?

እና የፖለቲካው ጣጣ ይሄ ነው። ለጥቂቶች በእንዲህ ያለ ሎተሪ መሰል ነገር ከተሰጠ፣ ያልደረሰው ድሃ ራሱ ፕሮግራሙን ይጠላዋል። ነገ በጀቱ ሲቆረጥ ማን ይጮኻል?

ጥያቄ አለኝ

@ቆጣሪዋ አመሰግናለሁ እህቴ። ታዲያ ለሁሉም ይሰጥ እያልሽ ነው? ለሀብታሙም?

ቆጣሪዋ

ለሁሉም ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለሀብታሙ የሰጠሽውን በግብር መልሶ መውሰድ ይቀላል። ካልሆነ ደግሞ ሰው ራሱን የሚለይበት መንገድ አለ። ሕንድ በ2005 ያወጣችው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለጠየቀ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት 100 ቀን የጉልበት ሥራ በዝቅተኛው ደመወዝ ሰጠ። አፈር ለመቆፈር የሚመጣ ሀብታም የለም። የደመወዝ መዘግየቱና በሌለ ሠራተኛ ስም የሚወጣው ክፍያ ብዙ አበሳ አሳይቷል፣ እሱን አልሸፍንም። ግን ጣሪያሽን የሚቆጥር ሰው አያስፈልግሽም።

ይቅርታ፣ "ሰጠሽው" አልኩህ እንዴ፣ ወንድ መሆንህን አሁን ነው ያየሁት 😅

ነዳጅ ማደያ

እኔ ወደ ድጎማው ልመለስ፣ ባለሚዛን የጀመረው ጥሩ ነበር ግን ዋናውን ዘለለው። የነዳጅ ድጎማ ወደ ሀብታም እንደሚሄድ ኢኮኖሚስት ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ሊነሳ ሲል ለምን ድሃው አደባባይ ይወጣል?

ናይጄሪያ በጥር 2012 የመጀመሪያ ቀን ድጎማውን አነሳች። ሊትር ከ65 ናይራ በአንድ ሌሊት ወደ 140 ገደማ ወጣ። አገር ተዘጋ፣ ሠራተኛ ማኅበራት አድማ ጠሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋው ወደ 97 ተመለሰ። ቦሊቪያ በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ እስከ 83 በመቶ ጨመረች። ያውም ኢቮ ሞራሌስ፣ የድሃው ፕሬዚዳንት የሚባለው! ሳምንት ሳይሞላ አዋጁን ቀደደው። ኢኳዶር በጥቅምት 2019 ሞከረች፣ መንግሥት ከዋና ከተማው ከኪቶ ወደ ጓያኪል እስከመሸሽ ደረሰ፣ አዋጁም ተሻረ።

እነዚህ ሰዎች ሂሳብ ስለማይችሉ አይደለም የወጡት። መንግሥት "ከድጎማው የሚተርፈውን ሆስፒታልና መንገድ እሠራበታለሁ" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ርካሽ ነዳጅ ለድሃው ከዚያ መንግሥት በእጁ የገባለት ብቸኛ ነገር ነው። ያችንም በተስፋ ቃል ለውጥ ትለዋለህ። እኔም ብሆን አልለውጥም።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን እዩት። ኢራን በታኅሣሥ 2010 የነዳጅና የኤሌክትሪክ ዋጋ ስትጨምር መጀመሪያ ያደረገችው ለሕዝቡ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ በወር 455,000 ሪያል ታሰበ። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 45 ዶላር። ገንዘቡ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ሒሳቡ ውስጥ ገባ፣ ሰው ሄዶ አየው፣ ግን ተቆልፎ ነበር። ዋጋው በተጨመረ ዕለት ቁልፉ ተከፈተ። ቤንዚን በራሽን የሚሰጠው አራት እጥፍ ሆነ፤ አገር ግን ፀጥ አለ። ያው ኢራን በኅዳር 2019 ዋጋ በሌሊት ጨመረች፣ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል አለች። ምን እንደተከተለ ታውቃላችሁ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ተገደለ።

ኢንዶኔዥያም በ2005 የነዳጅን ዋጋ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ስታደርግ ለ19 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ በየሦስት ወሩ 300,000 ሩፒያ በፖስታ ቤት በኩል ከፈለች። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በግንቦት 1998 ዋጋ የጨመረው ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በዚያው ወር ነው ከሥልጣን የወረደው። ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፣ ግን ያችን ዋጋ ማንም አልረሳትም።

ጠርጣራው

ኢራንን አታሳምርልን። ያ 455,000 ሪያል የት ደረሰ? የዋጋ ንረት በላው። ቁጥሩ ለዓመታት ሳይነካ ቆየ፣ ዳቦው ግን አልቆየም። መጀመሪያ ገንዘብ አሳይቶ ድጎማን ማስነሳት፣ ከዚያ ገንዘቡን በንረት ማቅለጥ። ይሄም አንድ ዓይነት ቅሚያ ነው፣ ቀስ ያለ።

ነዳጅ ማደያ

እውነት ነው። ለዚህ ነው ክፍያው ከአንድ ነገር ጋር መታሰር ያለበት የምለው። ብራዚል በ1988 ሕገ መንግሥት ውስጥ የጡረታ ወለሉን ከዝቅተኛው ደመወዝ ጋር አሰረችው። ዝቅተኛ ደመወዝ ሲጨምር የገጠር ሽማግሌው ጡረታ አብሮ ይጨምራል፣ ፓርላማውን መለመን የለም። የአገሪቱ ጂኒ (የገቢ ልዩነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ ልዩነቱ ጠበበ ማለት ነው) በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከነበረበት 0.58 አካባቢ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 0.53 ሲወርድ የደመወዙና የጡረታው ድርሻ ቀላል አልነበረም። በርግጥ አሁን የበጀት ሰዎች ዋና ራስ ምታታቸው ይሄው የታሰረ ጡረታ ነው። አስረህ ብትሰጥ በጀቱ ይጨነቃል፣ ፈትተህ ብትሰጥ ንረት ይበላዋል። ምረጥ ካልከኝ አስሬ እሰጣለሁ።

የግብር ሰው

ሁላችሁም ስለ መስጠት ነው የምታወሩት። ከየት ተሰብስቦ?

በአፍሪካ አገሮች ግብር በአማካይ ከጠቅላላ ምርቱ 16 በመቶ ገደማ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ማኅበር በኦኢሲዲ ውስጥ 34 በመቶ አካባቢ። ያችው 16 በመቶም ግማሽ ያህሉ እንደ ተጨማሪ እሴት ታክስና ጉምሩክ ካሉ፣ በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ ከሚጣሉ ግብሮች ነው። ማለትም ድሃው ሳሙና ሲገዛ ይከፍላል። ከደመወዝተኛው ደግሞ ሳያየው ይቆረጥበታል። ትልልቁ ሀብት ግን መሬትና ሕንፃ ነው፣ እሱ ላይ የሚሰበሰበው ግብር አብዛኛው ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሕንድ የውርስ ግብርን በ1985፣ የሀብት ግብርን በ2015 አንስታለች፣ "ከሚሰበሰበው ይልቅ የመሰብሰቢያው ጣጣ ይበዛል" ተብሎ። የእርሻ ገቢም ከማዕከላዊው የገቢ ግብር ነፃ ነው፣ አንድ ጥማድ ያለውም መቶ ሄክታር ያለውም።

ሀብት ሸሽቶ ይሄዳል ያልከው @ሥራ ይቅደም፣ ዶላር ይሄዳል፣ ልክ ነህ። ሕንፃ ግን የት ይሄዳል?

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማዋ የንብረት ግብር የምታሰላው በቤቱ ስፋት ብቻ ማለት ይቻላል ነበር። ኮረብታ ላይ ባሕር የሚያይ ቪላና ረግረግ ውስጥ ያለ ቆርቆሮ ቤት ስፋታቸው ከተቀራረበ ግብራቸውም ይቀራረባል። ከ2020 ጀምሮ በከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር ዘመን አሠራሩ ተቀየረ። በሳተላይት ምስል ቤቶች ተቆጠሩ፣ መዝገብ ላይ የነበሩት 57,000 ያህል ቤቶች ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ከዚያ ሠራተኞች ውጭ ቆመው ምልክት ያያሉ፦ የግድግዳው ዓይነት፣ መስኮቱ፣ አጥሩ፣ ኤርኮንዲሽነር፣ መዋኛ ገንዳ፣ የመንገዱ ሁኔታ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ተሰጠ። ቆጣሪዋ የነገረችን ዘዴ ማለት ነው፣ ግን ወደ ላይ ተመልሶ!

ያው ጣጣ አልቀረም። ማዕከላዊው መንግሥት የተቃዋሚ ፓርቲ ከንቲባ ገንዘብ ስትሰበስብ ዝም ብሎ አላየም፣ ሥራው ለወራት ቆሞ ነበር። ቪላው ውስጥ የሚኖረው ማን እንደሆነ መገመት ነው።

ጠርጣራው

ቆጣሪዋ በድሃው ላይ ስትቆጥር ስህተት ነው፣ በሀብታሙ ላይ ሲቆጠር ጥሩ ነው?

ቆጣሪዋ

አዎ ነው 😄 በድሃው ላይ ስትሳሳት አንድ ቤተሰብ ሳይበላ ያድራል። በመዋኛ ገንዳው ላይ ስትሳሳት ሰውየው ጠበቃ ይዞ ይግባኝ ይላል።

ዝም ያለው

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ድምፅ የተነሳው ጥያቄ አልተመለሰም።

ሰው የሚመርጠው ባለው ገቢ አይደለም፣ አለኝ ብሎ በሚያስበው ቦታ ነው። አርጀንቲና ውስጥ ቦነስ አይረስ አካባቢ ተመራማሪዎች ቤተሰቦችን "በአገሪቱ የገቢ ደረጃ የት ያላችሁ ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁ። ድሃው ብዙው ራሱን መሃል አስቀመጠ፣ ሀብታሙም ወደ መሃል ወረደ። የሚያየው የሚመስሉትን ሰዎች ነዋ! ከዚያ ለተወሰኑት እውነተኛ ቦታቸውን ነገሯቸው። ራሳቸውን ከፍ አድርገው ያስቀመጡት ድሆች እውነቱን ሲሰሙ መንግሥት ለድሃው የበለጠ ያድርግ የሚለውን ጨምረው ደገፉ። ይህ በ2013 የታተመ ጥናት ነው።

ሌላው፣ ድሃ አንድ ቡድን አይደለም። የከተማው ድሃ እህል ርካሽ እንዲሆን ይፈልጋል፣ የገጠሩ ድሃ እህል ሻጭ ነው፣ እንዲወደድ ይፈልጋል። በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በጎሣ የሚከፋፍለው ፖለቲከኛም በየሰፈሩ አለ። ሀብታሙ ግን ጥቂት ነው፣ ይተዋወቃል፣ ስልክ አለው። ግብር ሊጨመርበት ሲል አንድ ምሳ ይበቃዋል።

ባለሚዛን

"አንድ ምሳ ይበቃዋል" 😂 በትክክል።

ግን ድምፅም ሲሠራ አደጋ አለው። ሞንጎሊያ በ2008 ምርጫ አንዱ ፓርቲ "ከማዕድኑ ለእያንዳንዱ ዜጋ አንድ ሚሊዮን ቱግሪክ" አለ። ሌላው ምን አለ መሰላችሁ? "አንድ ሚሊዮን ተኩል!" ጨረታ ሆነ። በኋላ በየወሩ 21,000 ቱግሪክ ለሁሉም ሲከፈል ቆየና በ2012 ቆመ። ማዕድኑ ሲወደድ የተገባ ቃል ማዕድኑ ሲረክስ አይከፈልም።

ሥራ ይቅደም

እኔ የምለው ይሄን ነው! ዕድል ሲገኝ ፖለቲከኛ ድምፅ ይገዛበታል። ማከፋፈል ያላችሁት በተግባር ጉቦ ነው።

ዝም ያለው

ሊሆን ይችላል፣ መሆን ግን የለበትም። ሜክሲኮ ላይ በፕሬዚዳንት ሳሊናስ ዘመን የነበረው ፕሮናሶል የሚባል የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም በትክክል እንደዚያ ተብሎ ተወቅሷል፤ ገንዘቡ ገዢው ፓርቲ ድምፅ የሚፈልግበት ቦታ ይሄዳል ተብሎ። በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባለው ለድሃ ቤተሰብ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲጀመር የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ማን እንደሚገባ የሚወስነው የአካባቢ ሹም መሆኑ ቀርቶ በመረጃ ሆነ። ገንዘቡ በቀጥታ ለእናቶች እጅ ተሰጠ። በዕጣ በተለዩ መንደሮች ቀድሞ ተጀምሮ ውጤቱ ተለካ። በወረቀቶቹም ላይ ፕሮግራሙ የማንም ፓርቲ አለመሆኑ ተጻፈ። ገዢው ፓርቲ በ2000 ከ71 ዓመት በኋላ ተሸነፈ፣ ፕሮግራሙ ግን ስሙን ቀይሮ ቀጠለ። ድምፅ መግዣ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው በማግሥቱ ይዘጋው ነበር።

ጠርጣራው

ቀጠለ አትበል እንጂ፣ በ2019 ተዘጋ አይደል? ያውም ለድሃ እሠራለሁ ብሎ በተመረጠው በሎፔዝ ኦብራዶር። ሃያ ዓመት የተጠናና የተመሰገነ ፕሮግራም ነበር። ሲዘጋ አደባባይ የወጣ ሰልፍ አየህ? ነዳጅ ላይ አገር ይዘጋል፣ እዚህ ላይ ፀጥ። ቆጣሪዋ ቀድማ ብላዋለች፣ የተመረጡ ድሆች ብቻቸውን ናቸው።

ቆጣሪዋ

ሎፔዝ ኦብራዶር ያስፋፋውስ ምን እንደሆነ አልነገርከንም። ለአረጋውያን ሁሉ የሚሰጥ ጡረታ ነው፤ ጣሪያ ሳይቆጠር፣ ዕድሜ ብቻ ታይቶ። በ2020 ሕገ መንግሥት ውስጥም አስገቡት። ከድሃው ቤተሰብ ልጆች ላይ የተቆረጠው ነገር እኔንም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ጡረታው ልጅ ያላትን ወጣት እናት አይደርሳትም። ግን እስቲ ያንን ጡረታ የሚቀንስ ፕሬዚዳንት ይምጣ። አያቱ ገንዘብ የሚቀበልለት ሀብታምም ድሃም አብሮ ነው የሚወጣው።

ሥራ ይቅደም

እና ለአያቴ ጡረታ ሲባል የልጁ ትምህርት ይቆረጥ? ይሄ ነው እኩልነት የምትሉት?

የግብር ሰው

አይቆረጥም፣ ሕንፃውን ግብር አስከፍለው አልኩህ እኮ።